የክትክታው ዛፍና እንጎቻው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ነቢዩ ኤልያስን ሁላችንም እናውቀዋለን። በጸሎቱ ሰማይን የዘጋ፥ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ እሳት ያወረደ፥ በመጨረሻም በእሳት ሠረገላ ያረገ ታላቅ ነቢይ ነው። ስለ እርሱ ስንማር ዘወትር የሚነገረን እሳቱና ሠረገላው ነው። በሁለቱ መካከል ስላለችው አንዲት ቀን ግን እምብዛም አይነገረንም። በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 እንደ ተጻፈው፥ ያ ታላቅ ነቢይ እሳት ባወረደ ማግሥት የኤልዛቤልን ዛቻ ሰምቶ ሸሸ፤ ብላቴናውን ከኋላው ትቶ ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባ፤ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀመጠና እግዚአብሔር ነፍሱን እንዲወስዳት ለመነ። ከዚያም ተኛ።

ለዚህ ልመና እግዚአብሔር የሰጠው መልስ ምን ነበር? አልገሠጸውም። «ትናንት ያን ያህል ተአምር አይተህ ዛሬ እንዴት እንዲህ ትላለህ?» አላለውም። መልአኩን ላከለት፤ መልአኩም ዳስሶ ቀሰቀሰው። ኤልያስ ዘወር ብሎ ቢያይ በራስጌው የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበረ። በላ፥ ጠጣ፥ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ መንገዱ ሩቅ ነውና እንዲበላ ነገረው። አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ የደረሰው፥ በዚያም ረቂቁን የእግዚአብሔርን ድምፅ የሰማው ከዚህ በኋላ ነው። ልብ በሉ፤ እንቅልፉና እንጎቻው ቀደሙ፥ ትምህርቱ ተከተለ።

ነቢዩ እንዲህ ያለ በሽታ ነበረበት ብዬ ለመመስከር አይደለም ይህን ማንሣቴ። እግዚአብሔር መኖር የከበደውን ሰው በምን ዓይነት እጅ እንደሚይዘው እንድናይ ነው። ምክንያቱም ዛሬ የምጽፍላችሁ ከክትክታው ዛፍ በታች ስለ ተቀመጡ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ነው። ሕመማቸውን ሐኪሞች ድባቴና ባይፖላር ብለው ይጠሩታል።

ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ የገዛ ጥፋቴ ነው።

በመዘምራን ክፍላችን ከበሮ የሚመታ አንድ ወንድም ነበረን፤ አሁንም አለ፥ እግዚአብሔር ይመስገን። ስሙን አልጽፍም፤ ታሪኩን እንድጽፈው ግን ፈቅዶልኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጾመ ፍልሰታ ይህ ወንድማችን በድንገት ተለወጠ። ሌሊቱን በሰዓታት፥ ቀኑን በጉባኤ ያሳልፋል፤ አይተኛም፥ ግን አይደክመውም። ንግግሩ ፈጠነ፤ አንዱን ሐሳብ ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል። ጋቢውንና ጫማውን ለነዳያን ሰጠ፤ ከቤት የተላከለትን የወር ወጪውንም በአንድ ቀን በተነው። በአንድ ዓመት ውስጥ አገሪቱን ሁሉ ዞሮ እንዲያስተምር ከሰማይ ለብቻው እንደ ታዘዘ ነገረን። እኛ ታዲያ ምን አልን? «እንዴት ያለ ጸጋ ነው!» አልን። አንዳንዶቻችንም ቀናንበት።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ያው ሰው አልጋ ላይ ወደቀ። ትምህርቱን አቋረጠ፤ ከበሮውን ሌላ ሰው ያዘው። ልንጠይቀው ስንሄድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል። ያን ጊዜም ፍርዳችን ፈጣን ነበር፤ «ቀዘቀዘ»፥ «ዓለም ሳበው»፥ «የደበቀው ኃጢአት ቢኖር ነው» አልን። እናቱ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት። ሐኪሙም ሕመሙ ባይፖላር እንደ ሆነ አስረድቶ መድኃኒት አዘዘለት። ቀስ በቀስም እየተሻለው መጣ።

በዐቢይ ጾም መግቢያ ልጠይቀው ሄድኩ። ከመስኮቱ ሥር መድኃኒቱን አየሁና «ወንድሜ፥ እምነት ካለህ ይሄ ምን ያደርግልሃል? ጠበል እያለልህ በኪኒን ትታመናለህ?» አልኩት። ምንም አልመለሰልኝም። እኔም መልካም ምክር የመከርኩ መስሎኝ ደስ እያለኝ ወጣሁ። እርሱ ግን ቃሌን ሰምቶ መድኃኒቱን አቆመ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ወደ ቀድሞው ጨለማ ወረደ፤ ራሱንም ለማጥፋት ሞከረ። ይህችን ዐረፍተ ነገር ሸፍኜ ላልፋት አስቤ ነበር። ነገር ግን እየሸፈኑ ማለፍ ሰውን እንደሚገድል ስላየሁ ጻፍኳት። እናቱ በሰዓቱ ደርሰው አተረፉት።

ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ እናቱን ከደጅ አገኘኋቸው። ያልኩትን ሁሉ ሰምተዋል። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እርሳቸው ግን እጄን ያዙና «ልጄ፥ እናንተ ስትጸልዩለት እኔ ደስ ይለኛል። ጠበሉንም የማመጣለት እኔው ነኝ። ኪኒኑን ግን አትንኩብኝ። እሱንም የሰጠኝ እግዜር ነው» አሉኝ።

ወንድሞችና እኅቶች፥ በዩኒቨርሲቲ ከተማርኩት ሁሉ ይህች ቃል በለጠችብኝ። ከዚያ ወዲህ ይህን ሕመም ለመረዳት መጻሕፍት አነበብኩ፤ ሙያው ያላቸውንም ጠየቅሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈውም እናንተ እኔ የሠራሁትን እንዳትሠሩ ነው።

ሀ. ሕመሙ ምንድን ነው?

ማዘን በሽታ አይደለም። ፈተና የወደቀ ይከፋዋል፤ ወዳጁን የቀበረ ያለቅሳል። ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አጠገብ እንባውን አፍስሷል። ድባቴ፥ ወይም ብዙዎቻችን ዲፕሬሽን እያልን የምንጠራው፥ ከዚህ የሚለየው በክብደቱና በርዝመቱ፥ የሰውንም ኑሮ በማሰናከሉ ነው። ሐኪሞች አንድ ሰው ድባቴ ይዞታል ለማለት ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ያህል አብዛኛውን ቀን የማይለቅ የመከፋት ስሜት፥ ወይም ቀድሞ ደስ ያሰኘው ለነበረው ነገር ሁሉ ፍላጎት ማጣት መኖሩን ያያሉ። ከዚህም ጋር እንቅልፍ ይጠፋል ወይም ያለ ልክ ይበዛል፤ ምግብ ያስጠላል ወይም ከልክ በላይ ያስበላል፤ ሰውነት ይዝላል፤ ሐሳብ አይሰበሰብም፤ ሰው ራሱን እንደ ከንቱ ይቆጥራል፤ ሞትንም ይመኛል። በአገራችን ደግሞ ብዙ ሰው «ከፋኝ» ብሎ ወደ ሐኪም አይሄድም። «ራሴን ያቃጥለኛል፥ ልቤን ይመታኛል፥ ሰውነቴ ከበደኝ» እያለ ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ይዞራል።

በተለይ እኛ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ልናውቀው የሚገባ አንድ ምልክት አለ። ይኸውም ያለ ልክ የሆነ የጥፋተኝነት ስሜት ነው። ታማሚው ንስሐ ይገባል፤ ካህኑም «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉታል፤ ቀኖናውንም ይፈጽማል። በማግሥቱ ግን ያንኑ ኃጢአት ተሸክሞ ይመለሳል፤ እግዚአብሔር ፈጽሞ ጥሎኛል ይላል። እኛም ይህን አይተን ጽኑ ንስሐ ይመስለናል። እውነተኛ ንስሐ ግን ሰውን ወደ ተስፋ ይመራዋል እንጂ የተስፋን በር አይዘጋበትም። ቀን ከሌሊት በአንድ ጥፋት የሚቃጠል፥ ሥርየትን ተቀብሎ እንኳ ዕረፍት ያጣ ሰው ስናይ፥ ሌላ ስግደት ከመጨመራችን በፊት ምናልባት ታሞ እንደ ሆነ እንጠይቅ።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ከ404 እስከ 407 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በስደት ሳለ፥ ለዲያቆናዊት ኦሎምፒያስ የጻፋቸው 17 ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ አሉ። ከባድ ሐዘን ይዟት ነበርና ሊያጽናናት ይጽፍላት ነበር። በእነዚያ ደብዳቤዎችም ይህ ዓይነቱ ሐዘን ከሥጋ ሥቃይ ሁሉ የከፋ መሆኑን ይገልጽላታል። ያ ሁሉ ግዞትና በሽታ የደረሰበት አባት የነፍስን ሕመም ካላቃለለ፥ እኛ ልናቃልለው ምን ሥልጣን አለን?

ባይፖላር ደግሞ ሁለት ዋልታ ያለው ማለት ነው። አንዱ ዋልታ ከላይ የተገለጸው ድባቴ ነው። ሌላው ማኒያ ይባላል። በማኒያ ጊዜ ሰው ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ያህል ከልክ በላይ ይደሰታል ወይም በጥቂቱ ይቆጣል፤ ሁለትና ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ አይደክመውም፤ ያለ ማቋረጥ ይናገራል፤ ገንዘቡን ይበትናል፤ ከዐቅሙ በላይ የሆነ ነገር ይጀምራል፤ አንዳንዴም ልዩ ሥልጣን ወይም ልዩ መልእክት እንደ ተሰጠው ያምናል። በሁለቱ ዋልታዎች መካከል ደህና የሚሆንባቸው ወራት፥ እንዲያውም ዓመታት አሉ። ከዚህም የተነሣ ሰው «ሲፈልግ የሚታመም» ይመስለዋል።

የምናውቀው ሰው በጾም ወራት ሳይተኛ ሰንብቶ ያለ ልክ ሲፈጥን ብናይ ምን እናድርግ? እንደ እኛ አናጨብጭብለት። ጸጋ ሰውን ያረጋጋዋል፤ ትሕትናንና መታዘዝን ይሰጠዋል። አባቶችን አልሰማም፥ አልተኛም፥ አልበላም የሚል ጥድፊያ ግን ለንስሐ አባቱም ለሐኪምም ሊነገር ይገባዋል።

ይህ የጥቂቶች ወይም የባዕድ አገር ሰዎች በሽታ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. በዓለም ላይ 280 ሚሊዮን ሰዎች በድባቴ፥ 40 ሚሊዮን ሰዎች በባይፖላር ይታመሙ ነበር። በአገራችንም ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በቡታጅራና በአካባቢዋ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ነበር። በዚያም ማሳ በሚያርሱት፥ ውኃ በሚቀዱትና በሚነግዱት ዘንድ ሁለቱም ሕመሞች ተገኝተዋል። ከታመሙት የሚበዙት ግን ከአእምሮ ሕክምና ደጅ ደርሰው አያውቁም ነበር። ባይፖላር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ስለ ሆነ፥ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የምንቀመጥ ሁሉ በዚያው ዕድሜ ላይ ነን።

ለ. ከየት ይመጣል?

ድስት በአንድ ጉልቻ እንደማይቆም ይህም ሕመም በአንድ ምክንያት ብቻ አይመጣም።

አንደኛው ጉልቻ የተወለድንበት ተፈጥሮ ነው። በተለይ ባይፖላር በቤተሰብ ውስጥ ይወርዳል፤ ወላጁ የታመመበት ልጅ ከሌላው ይልቅ የመታመም ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ሆኖም ከእነዚህ ልጆች የሚበዙት አይታመሙም። ስለዚህ «የእብድ ዘር» እያሉ ሰውን ከትዳርና ከማኅበር ማራቅ እውቀትም ክርስትናም የጎደለው ነገር ነው።

ሁለተኛው ጉልቻ ሥጋችን ነው። የአንጎል ክፍሎች እርስ በርሳቸው መልእክት የሚለዋወጡት ሴሮቶኒንና ዶፓሚን በሚባሉትና በመሰሎቻቸው ንጥረ ነገሮች ነው። ነገሩ የአንዱ ንጥረ ነገር ማነስ ብቻ ባይሆንም፥ በዚህ አሠራር ላይ የሚደርስ መዛባት ከሕመሙ ጋር የተያያዘ መሆኑ ይታወቃል። የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲቀንስ፥ ደም ሲያንስ፥ ከወሊድ በኋላ፥ ሥር የሰደደ በሽታም ሲኖር ድባቴ ሊከተል ይችላል። ሐኪም ደም የሚመረምረው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ጉልቻ ኑሮ ነው። በልጅነት መደብደብና መደፈር፥ ወላጅን ማጣት፥ ጦርነት፥ ከቀዬ መፈናቀል፥ ረኀብ፥ ሥራ ማጣት፥ ብቸኝነት፤ እነዚህ ሁሉ ልብን ያደክማሉ። መጠጥና ጫትም ያባብሱታል። ጫት እንቅልፍ ይነሣል፤ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ባይፖላር ያለበትን ሰው ወደ ማኒያ ሊገፋው ይችላል።

አሁን የሁላችንም ልብ ውስጥ ያለው ጥያቄ ይመጣል። «ርኩስ መንፈስስ?» ትላላችሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ርኩሳን መናፍስት መኖራቸውን፥ በክርስቶስ ስምም እንደሚወጡ ታምናለች፤ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ወንጌላዊው ማቴዎስ በምዕራፍ 4 ቁጥር 24 ወደ ጌታ የመጡትን ሲቆጥር፥ በልዩ ልዩ ደዌ የተያዙትን ለብቻ፥ አጋንንት ያደሩባቸውንም ለብቻ ጠቅሷል። ወንጌል የለየውን እኛ ለምን እንደባልቃለን? መለየቱም ቢሆን የአባቶችና የሐኪሞች ሥራ ነው እንጂ የመዘምራን ክፍል ሐሜት አይደለም። «ማን ኃጢአት ሠርቶ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ደቀ መዛሙርቱም ስለ ዕውሩ ሰው ጠይቀው ነበር፤ ጌታ የሰጣቸውን መልስ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ሂዳችሁ አንብቡ።

ሐ. ምን ይደረግለታል?

መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፥ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረ፥ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ያስተምራል። ይህ ቃል ለባይፖላር ሕክምና ቃል በቃል ይሠራል ማለት ይቻላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም. ጆን ኬድ የተባለ አውስትራልያዊ ሐኪም የማኒያ ታማሚዎችን ሊትየም በሚባል ጨው ማከም መቻሉን አሳወቀ። ሊትየም ከድንጋይ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው፤ ስሙም የወጣው ድንጋይ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። ከምድር የተገኘው ይህ ጨው እስከ ዛሬ ለባይፖላር ከሚሰጡት መድኃኒቶች ዋነኛው ሲሆን፥ ራስን የማጥፋት አደጋንም ይቀንሳል። በ1957 ደግሞ ሮላንድ ኩን የተባለ የስዊስ ሐኪም ኢሚፕራሚን የተባለው መድኃኒት ድባቴን እንደሚያሽር አሳወቀ። ከዚያም ወዲህ እንደ አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉ ሌሎች ተከተሉ።

ስለ መድኃኒቶቹ ማወቅ የሚገባንን በአጭሩ ላስፍር።

1ኛ/ ቀለል ያለ ድባቴ ያለ ኪኒን፥ ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር በመነጋገርና የዕለት ኑሮን በማስተካከል ሊሻል ይችላል። ሲከብድ ግን መድኃኒት ያስፈልጋል።

2ኛ/ የድባቴ መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ኪኒን ወዲያው አይሠራም። ለውጡ እስኪታይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። «ሳምንት ሙሉ ውጬ አልዳንኩም» ብሎ መጣል ስሕተት ነው። ከተሻለም በኋላ በድንገት አይቋረጥም፤ ለወራት መቀጠል አለበት።

3ኛ/ ባይፖላር ያለበት ሰው መድኃኒቱን ለዓመታት ሊወስድ ይችላል። የድባቴን መድኃኒት ለብቻው ከወሰደ ደግሞ ወደ ማኒያ ሊገለበጥ ስለሚችል፥ ያለፈውን የፍጥነት ጊዜ ከሐኪሙ መደበቅ አይገባም። ቫልፕሮየት የሚባለው መድኃኒት ፅንስን ይጎዳልና እኅቶች ይህን ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩበት።

4ኛ/ ይህ በተለይ ለእኛ ነው። ሊትየም የሚወስድ ሰው ውኃና ጨው ከሰውነቱ ሲቀንስ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ተከማችቶ ሊመርዘው ይችላል። ያለ ውኃ ረጅም ሰዓት መጾም፥ በፀሐይ ላይ ብዙ መስገድ፥ ትውከትና ተቅማጥም ለዚህ ያጋልጣሉ። ሌሊቱን ሙሉ መቆምም እንደ ተባለው እንቅልፍን ነሥቶ ሕመሙን ይቀሰቅሳል። እንግዲህ ታማሚው ከጾሙ በፊት ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ይማከር። ቤተ ክርስቲያናችን እናት ናትና በታመመ ልጅዋ ላይ ቀንበር አትጭንም፤ ሕሙማንን ከጾም ግዴታ ታሳርፋለች። እንዲህ ያለውን ሰው «ለምን አልጾምክም?» ብሎ መጠየቅ መልአኩ ካመጣው እንጎቻ ላይ የኤልያስን እጅ እንደ መያዝ ነው።

ስለ ጠበልና ስለ መድኃኒትም ክርክር መግጠም አይገባንም። ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ ሊሞት በደረሰ ጊዜ ወደ ግድግዳው ፊቱን አዙሮ እያለቀሰ ጸለየ። እግዚአብሔርም ጸሎቱን እንደ ሰማ፥ እንባውንም እንዳየ፥ እንደሚፈውሰውም በኢሳይያስ አፍ ነገረው። የመዳኑ ቃል ከወጣ በኋላ ግን ነቢዩ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በቁስሉ ላይ እንዲያኖሩ አዘዘ (2ኛ ነገሥት 20፥1-7)። ጸሎቱ በለሱን አላስቀረውም፤ በለሱም ጸሎቱን አላሳነሰውም። በእኛም ዘመን፥ በ1999 ዓ.ም.፥ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበል ሲጠመቁ መድኃኒታቸውን ያቁሙ ወይስ አያቁሙ የሚል ጥያቄ በተነሣ ጊዜ፥ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑና እንደማይቃረኑ በአደባባይ አስተምረዋል። የከበሮ መቺው ወንድማችን እናትም ይህንኑ ነበር በሆስፒታሉ ደጅ የነገሩኝ።

ሕክምናውም ከቀድሞው ይልቅ ቀርቦልናል። ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕክምና ሲባል ሰው የሚያስበው አዲስ አበባ ያለውን አማኑኤል ሆስፒታልን ብቻ ነበር። በአገር ውስጥ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዛሬ በብዙ ጠቅላላ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ በጤና ጣቢያም የሠለጠኑ ነርሶች የሚገኙበት ቦታ አለ። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ሩቅ አይደለም፤ በአቅራቢያችን ካለው ጤና ጣቢያ ሄዶ መጠየቅ ነው።

መ. የእኛ ድርሻ

የኢዮብ ሦስት ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀምጠው አንድ ቃል አልተናገሩትም። መልካም ያደረጉት ያን ጊዜ ነበር። አፋቸውን ከፍተው ኃጢአቱን መፈለግ ሲጀምሩ ግን እግዚአብሔርን አስቆጡ። እኛም ከዚህ እንማር።

የታመመውን ሄደን እንጠይቀው፤ ባይናገረንም አጠገቡ እንቀመጥ። «በርታ፥ ጠንክር፥ ይህን ያህል ምን ሆንክ?» አንበለው፤ ቢችልማ ኖሮ በበረታ ነበር። ምሳ ይዘን እንሂድ፤ ልብሱን እንጠብለት፤ የሐኪም ቀጠሮው ቀን አብረነው እንሰለፍ። መድኃኒቱን አንንካ፤ ስለ መድኃኒቱ የሚመክር ካለም ወደ ሐኪሙ እንምራው። የነገረንን ምሥጢር ለጸሎት በሚል ሰበብ በየጉባኤው አንበትነው። የታመመን ሰው ማሰርና መምታትም በማንም እጅ ቢደረግ ፈውስ አይባልም።

መኖር አስጠልቶት ያየነውንም ሰው «ራስህን ለማጥፋት ታስባለህ ወይ?» ብለን በግልጽ እንጠይቀው። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ እንዲያውም ብቻውን የተሸከመውን ሸክም ያወርድለታል። አዎ ካለን ብቻውን አንተወው፤ ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ እናርቅ፤ ለቤተሰቡ ነግረን በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት እንውሰደው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ700 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በእኛ ዕድሜ ያሉ ናቸው። «ይህማ በእኛ ዘንድ የለም» ብለን አንታለል።

አሁን ደግሞ ይህን እያነበብክ ከዛፉ በታች ለተቀመጥከው ለአንተ ወንድሜ፥ ለአንቺም እኅቴ አንድ ቃል አለኝ። ሕመማችሁ የእምነታችሁ ማነስ ምልክት አይደለም። እግዚአብሔር አልጣላችሁም። ዛሬ መጸለይ ካልቻላችሁ እኛ እንጸልይላችኋለን፤ እናንተ እንጎቻውን ብሉ፥ ውኃውን ጠጡ፥ ተኙ፥ ወደ ሐኪም ሂዱ። አንድ ሰው ብቻ ምረጡና «አልቻልኩም» በሉት። መንገዱ ሩቅ ነውና።

ያ ወንድማችን ዛሬ ትምህርቱን ቀጥሏል። ሕመሙ ጨርሶ ጠፋ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ባለፈው ክረምት እንደ ገና ትንሽ ደክሞት ነበር። ነገር ግን ምልክቱን ራሱ ዐውቆ ለእናቱ ነገራቸው፥ ቶሎም ታከመ። ማታ ማታ ኪኒኑን እናቱ በቀዱለት ጠበል ይውጣል። አንድ ቀን ይቅርታ ለመጠየቅ ሄጄ ከጎኑ ተቀምጬ ሳለሁ እንዲህ አለኝ፤ «ታምሜ ሳለሁ አባታችን ሆይን እንኳ እስከ መጨረሻው ማድረስ አልችልም ነበር። መድኃኒቱ እምነቴን የሚወስድብኝ መስሎህ ነበር፤ እኔ ግን መጸለይ የቻልኩት መድኃኒቱን ከጀመርኩ በኋላ ነው።» ከዚያም ስለ ይቅርታው ምንም ሳይለኝ ተነሥቶ ከበሮውን አመጣና «ያቺን የጥምቀት መዝሙር አስታውሰኝ እስቲ» አለኝ።

ኤልያስን በክትክታው ዛፍ ሥር ያልተወ አምላክ የታመሙትን ሁሉ ይማርልን፤ ለሐኪሞቻችን ጥበብን፥ ለአባቶቻችን ማስተዋልን፥ ለእኛም ከመናገር በፊት እንጎቻ ይዞ የሚሄድ ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።